ስም ከመቃብር በላይ
(ስለ ተለያዩ መንትያ እኅትማማቾች በተጻፈ አንድ የመንፈስ ልብ ወለድ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው አንድ ልብ ወለድ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የእርሷ አስፈሪ አምሳያነት» እንደ ማለት ነው። ደራሲዋ አሜሪካዊቷ ኦድሪ ኒፈኔገር ናቸው። መጽሐፉ የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ሲሆን፣ ከዚህ በኋላ የምንጠራቸውም ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ነገሩ የሙት መንፈስ ታሪክ ነው። በውስጡ መቃብር አለ፤ ሞታ ከቤቷ ያልወጣች ሴት አለች፤ ነፍስ ከአንዱ ሥጋ ወጥታ ወደ ሌላው ትገባለች።

ይህን ስንናገር ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ ፈገግ እንደምትሉ እናውቃለን። «ፊዚክስና ሕግ በሚጠናበት ግቢ የመንፈስ ወሬ ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። መልሳችን አጭር ነው። መንፈስ አለ ወይም የለም ብለን ልንከራከር አልመጣንም። ደራሲዋም ቢሆኑ አንባቢን ወደ አንድ እምነት ለመሳብ አልጻፉም። መንፈሱ በታሪኩ ውስጥ የተሰጠው ሥራ አለ። ሰዎች በሕይወት ሳሉ በቀስታ፣ በጨዋነትና በፍቅር ስም እርስ በርሳቸው የሚያደርጉትን ነገር ያለ መሸፈኛ ያሳየናል። የንግግራችንም ፍሬ ነገር ይኸው ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚያስፈራው የሞተ ሰው መመለሱ ሳይሆን፣ አንዱ ሰው የሌላውን ስምና ሕይወት መውሰዱ፣ ሌላውም በጊዜው «እምቢ» ማለት አለመቻሉ ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩን ለማያውቁት ባጭሩ እንናገር። መጨረሻውንም ስለምንገልጽ፣ ራሱ አንብቦ መደንገጥ የሚፈልግ ቢኖር ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ኤልስፔት ኖብሊን በለንደን የምትኖር የቆዩና ብርቅ የሆኑ መጻሕፍት ነጋዴ ናት። ገና ሳታረጅ በካንሰር ትሞታለች። ነፍሷ ስትወጣ ወዳጇ ሮበርት ከአጠገቧ የለም፤ ከክፍሏ ወጥቶ በሆስፒታሉ ውስጥ ካለ የሻይ መሸጫ መሣሪያ ፊት ቆሟል። መጽሐፉ የሚጀምረው በዚህ ነው። ኤልስፔት ኢዲ የምትባል መንትያ እኅት አለቻት። ኢዲ በአሜሪካ፣ በቺካጎ አጠገብ፣ ከባሏ ከጃክ ጋር ትኖራለች። እኅትማማቾቹ ብዙ ዓመታት ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ ኖረዋል። ለምን እንደ ተለያዩ በዙሪያቸው ያለ ሰው አንዳንድ ነገር ይገምታል። ኢዲ ቤት ያሉት ሁለቱ ሴቶች ልጆችም መንትዮች ናቸው፤ ጁሊያና ቫለንቲና ይባላሉ።

ኤልስፔት ቤቷንና ገንዘቧን ያወረሰችው ለእኅቷ ሳይሆን ለእነዚህ ለሁለቱ ልጆች ነው። ኑዛዜው ግን ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛ፣ ልጆቹ ቤቱን ከመሸጣቸው በፊት አንድ ዓመት ሊቀመጡበት ይገባል። ሁለተኛ፣ አባትና እናታቸው የዚያን ቤት ደጃፍ ሊረግጡ አይችሉም። ልጆቹ ወደ ለንደን መጡ። ቤቱ ከሃይጌት መካነ መቃብር ጋር ጎን ለጎን የቆመ ሕንፃ ውስጥ የሚገኝ አፓርትማ ነው። ከበታቻቸው ሮበርት፣ ከበላያቸው ማርቲን የሚባል ሰው ይኖራል። በመካከለኛው ቤት ውስጥ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ራሷ ኤልስፔት አለች፤ ሞታለች እንጂ አልሄደችም። ድምፅ የላትም፤ ከደፉም ማለፍ አትችልም። ቀስ በቀስ ግን ትንንሽ ነገሮችን ማንቀሳቀስና በአቧራ ላይ መጻፍ ትማራለች።

እስቲ አሁን ታሪኩ ስለሚፈጸምበት ስለ ሃይጌት ጥቂት እንበል። ደራሲዋ ይህን መቃብር ከሩቅ ሰምተው አልጻፉም፤ ራሳቸው የጎብኚዎች አስጎብኚ ሆነው አገልግለውበታል። በልብ ወለዱ ውስጥም ሮበርት በዚያው መቃብር አስጎብኚ ነው፤ ለዶክትሬት የሚጽፈውም የቦታውን ታሪክ ነው።

ሃይጌት የተከፈተው በ1839 ነው። በዚያ ዘመን በለንደን ከተማ ውስጥ የነበሩት የቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢዎች በሬሳ ተጨናንቀው ስለ ነበረ፣ በከተማው ዙሪያ ሰፋፊ የመቃብር ሥፍራዎች ይቋቋሙ ጀመር። ሃይጌትም በኩባንያ የሚካሄድ፣ ለትርፍ የተቋቋመ ሥፍራ ነበር። በምዕራቡ ክፍል የግብፅን ቤተ መቅደስ በሚመስል በር የሚገባበት መተላለፊያ አለ፤ ከእርሱም ቀጥሎ በክብ የተሠሩ የመቃብር ቤቶች ይገኛሉ። በምሥራቁ ክፍል በ1883 የሞተው ካርል ማርክስ ተቀብሯል። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ የኩባንያው ገቢ ደከመ፤ ሐረግና ዛፍ ድንጋዩን እየፈነቀለ ሥፍራውን ወረሰው። በመጋቢት ወር 1970 «በሃይጌት ደም መጣጭ አለ» የሚል ወሬ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተነዝቶ፣ ብዙ ሰው በሌሊት አጥር እየዘለለ ገባ። በ1975 የሥፍራው ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመና ጥበቃው ተጀመረ። እንግዲህ ደራሲዋ የመረጡት ሥፍራ ሰው ለማስፈራት የሚያንስ አይደለም። ይሁን እንጂ በመጽሐፋቸው ውስጥ መቃብሩ ጸጥ ያለ፣ የተከበረና ያማረ ሥፍራ ነው። ክፉው ነገር ሁሉ የሚደረገው ከመቃብሩ ግንብ ወዲህ፣ ሻይ በሚፈላበትና አልጋ በሚነጠፍበት ቤት ውስጥ ነው።

ከሃይጌት ሳንወጣ ሁለት እውነተኛ ታሪኮች እንጥቀስ፤ ወደ ዋናው ነገር ያደርሱናልና።

አንደኛው የኤልዛቤት ሲዳል ነው። እርሷ የሠዓሊውና የገጣሚው የዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ ሚስት ነበረች፤ በ1862 ሞታ በሃይጌት ተቀበረች። ባሏ ከሐዘኑ ጽናት የተነሣ በእጁ የጻፋቸውን ግጥሞች በሬሳ ሣጥኗ ውስጥ ከእርሷ ጋር አኖረ። ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ግጥሞቹን ፈለጋቸው። በ1869 መቃብሩ ተከፍቶ ደብተሩ ወጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት መጽሐፉ ታተመ። ለሙት የተሰጠ ስጦታ ተመልሶ ተወሰደ ማለት ነው። ሰውዬውን ለመውቀስ አንቸኩል፤ ነገር ግን ሕያዋን ከሙታን ላይ ምን ያህል መውሰድ እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን። ኒፈኔገር ያደረጉት ይህንኑ ገልብጦ መጠየቅ ነው፤ ሙታንስ ከሕያዋን ላይ መውሰድ ቢችሉ ምን ይወስዱ ነበር?

ሁለተኛው የጆርጅ ኤልየት ነው። ጆርጅ ኤልየት በወንድ ስም የጻፈች ሴት እንደ ሆነች ታውቃላችሁ። በ1880 ስትሞት በዚያው በሃይጌት ተቀበረች፤ በድንጋይዋም ላይ የብዕር ስሟና የራሷ ስም በአንድነት ተጽፈዋል። ሁለት ስም ነበራት፤ በመቃብሯ ላይ ሁለቱም አልተደበቁም።

በአገራችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ይህን ተረት በለቅሶ ቤትም፣ በስብሰባም፣ በትምህርት ቤት ድርሰትም ስንሰማው አድገናል። ትርጉሙም ሰው ይሞታል፣ ሥራውና ስሙ ግን ይቀራል ነው። ይህ ልብ ወለድ ግን እኛ ጠይቀን የማናውቀውን ጥያቄ ያነሣል፤ ከመቃብሩ በላይ የሚውለው ስም የማን ነው?

ምሥጢሩ ይህ ነው። ኤልስፔት ተብላ የተቀበረችው ሴት በትውልዷ ኤልስፔት አልነበረችም፤ ኢዲ እርሷ ነበረች። በአሜሪካም ኢዲ ተብላ የምትኖረው እውነተኛዋ ኤልስፔት ናት። በወጣትነታቸው ተመሳሳይነታቸውን መጫወቻ አድርገውት ነበር፤ አንዷ በሌላዋ ቦታ እየቀረበች ሰው ታታልል ነበር። ጃክ በመካከላቸው በገባ ጊዜ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። እርግዝና መጣ፤ ልጆች ተወለዱ። ከዚያም እኅትማማቾቹ ሊመለሱበት የማይችሉትን ልውውጥ አደረጉ፤ ስማቸውን፣ አገራቸውንና ልጆቹን ጭምር ለዋወጡ። የጁሊያና የቫለንቲና እውነተኛ እናት እንግዲህ ያች የሞተችው ናት። ያሳደገቻቸው አክስታቸው ነበረች።

ከዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እነዚህ ሁለት ሴቶች ከዚያ በኋላ የማይተያዩት ስለ ተጣሉ ብቻ አይደለም። ቢተያዩ አንዷ በሌላዋ ፊት ላይ የሰጠችውን ሕይወት ታያለች። ኩርፊያ በሽማግሌ ይበርዳል፤ ዕዳም በክፍያ ያልቃል። በስም የኖረ ውሸት ግን እርቅን ራሱን ይከለክላል፤ ለመታረቅ በመጀመሪያ «እኔ እገሌ ነኝ» ማለት ያስፈልጋልና። በኑዛዜው ውስጥ አባትና እናት ወደ ቤቱ እንዳይገቡ የተከለከሉትም ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይገባናል።

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ። ጁሊያና ቫለንቲና የመስታወት መንትዮች ናቸው። በአንዷ ቀኝ ያለው በሌላዋ ግራ ነው። በቫለንቲና ዘንድ ይህ እስከ ውስጥ ዘልቋል፤ ልቧ ያለው በቀኝ በኩል ነው። በሕክምና እንደሚታወቀው የሆድ ዕቃ ሁሉ ተገልብጦ መፈጠር በአሥር ሺሕ ሰው አንድ ያህል የሚገኝ ነገር ነው፤ ሰውየውም ያለ ችግር ሊኖር ይችላል። ቫለንቲና ግን ከዚህ ሌላ አስም አለባት፤ ደካማ ናት። ጁሊያ ጤነኛና ደፋር ናት። ስለዚህ ጁሊያ ትጠብቃታለች። እጅዋን ይዛ ታሻግራታለች፤ ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚለብሱ፣ የት እንደሚሄዱ ትወስናለች። እኅቷን በቁልምጫ የምትጠራትም «አይጥ» እያለች ነው።

ይህ ነገር እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ የሚነካበት ሥፍራ አለ። እነዚህ ልጆች ኮሌጅ ገብተው አቋርጠዋል፤ እንደገና ገብተው እንደገና አቋርጠዋል። ትምህርቱ ያልተስማማት ጁሊያን ነበረ፤ ግን ጁሊያ ስትወጣ ቫለንቲናም መውጣት አለባት። ቫለንቲና የልብስ ንድፍ መማር ትፈልጋለች፤ ትሰፋለች፤ እጅዋ የሠለጠነ ነው። ስለዚህም ጉዳይ ስታነሣ እኅቷ ነገሩን ወዲያው ታዳፍነዋለች። ጁሊያ ክፉ ልጅ አይደለችም። እኅቷን ከልብ ትወዳለች፤ ያለ እርሷ መኖርን ማሰብ አትችልም። ነገር ግን የሁለቱን ሕይወት አንድ ሕይወት አድርጋ ቆጥራለች፤ የቆጠረችውም በራሷ ልክ ነው።

ቫለንቲናስ ምን አደረገች? «አልፈልግም» ማለት ይገባት ነበር። ቃሉ አጭር ነው፤ ግን አልወጣላትም። በቋንቋችን ይሉኝታ የምንለውን ነገር እርሷ በእንግሊዝኛ ትኖረዋለች። እኅቷን ማስከፋት ትፈራለች፤ ብቻዋን መቆምንም ትፈራለች። አንድ ቀን ኤልስፔት ሳታስበው የልጅቱን የድመት ግልገል ነፍስ ከሥጋዋ መንጭቃ ታወጣለች፤ መልሳም ታገባታለች፤ ግልገሏም ትነሣለች። ቫለንቲና ይህን ካየች በኋላ አንድ አሳብ መጣላት። እንዲህ ስትል አሰበች፤ «ኤልስፔት የእኔንም ነፍስ ታውጣ። ሞታለች ተብዬ ልቀበር። ጁሊያ አልቅሳ ትረሳኛለች። ከዚያ በኋላ ነፍሴ ወደ ሥጋዬ ትመለስና ነፃ ሰው ሆኜ ሌላ ሥፍራ እኖራለሁ።»

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ገጽ ይህ ይመስለናል፤ በገጹ ላይ ግን አንድም መንፈስ አይጮህም። አንዲት ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ እኅቷን ፊት ለፊት «ልለይሽ እፈልጋለሁ» ከምትላት ይልቅ መሞት ቀሏታል።

ዕቅዱ ተፈጸመ። ቫለንቲና ሞተች፤ ጁሊያ አለቀሰች፤ አሳዳጊ ወላጆቿም አለቀሱ፤ በሃይጌት በቤተ ሰቡ የመቃብር ቤት አኖሯት። ሮበርት እያመነታ ተባባሪ ሆኖ ሬሳውን በሌሊት ወደ ቤቱ መለሰው። የመመለሷ ሰዓት ሲደርስ ግን ወደ ሥጋው የገባችው ነፍስ የቫለንቲና አይደለችም፤ ኤልስፔት ናት። የሞተችው ሴት በልጅቱ ሥጋ ውስጥ ተነሣች። ልጅቱ መንፈስ ሆና በቤቱ ውስጥ ቀረች።

የስሙን ምሥጢር የያዘ አንባቢ የዚህን ነገር ክብደት ያውቃል። ሥጋው የተወሰደባት ልጅ የወሳጇ የገዛ ልጇ ናት። ደግሞም ይህ የኤልስፔት የመጀመሪያ ሥራዋ አይደለም። በሕይወት ሳለች የእኅቷን ስም ወስዳ ነበር፤ ሞታ የልጇን ሥጋ ወሰደች። ሞት አላከፋትም፤ አላሻሻላትምም። የለመደችውን ደገመች። ለዚህ ነው በመግቢያችን ላይ መንፈሱ ሥራ አለው ያልነው። በወጣትነት ጊዜ በእኅትማማቾች ጨዋታ የተጀመረው ነገር እስከ መጨረሻው ሲሄድ ምን እንደሚመስል ያሳየናል።

ነገሩን ከአንድ የቆየ መጽሐፍ ጋር ብናስተያየው የበለጠ ግልጽ ይሆናል። እንግሊዛዊው ዊልኪ ኮሊንስ «ነጭ ለባሿ ሴት» የተባለውን ልብ ወለድ ከ1859 እስከ 1860 በመጽሔት ላይ በተከታታይ አውጥቶ ነበር። በዚያ ታሪክ ውስጥም ሁለት የሚመሳሰሉ ሴቶች አሉ፤ አንዷ ስትሞት በሌላዋ ስም ትቀበራለች፤ ሕያዊቷም በሟቿ ስም የአእምሮ ሕሙማን ቤት ትዘጋለች። ይህን የሚሠሩት ባሏና ወዳጁ ናቸው፤ ምክንያቱም ገንዘብ ነው። አንባቢው ማንን እንደሚጠላ ያውቃል። በመጨረሻም እውነቱ ተገልጦ ስሟ ይመለስላታል። በኒፈኔገር መጽሐፍ ግን ሌባው እናት ናት፤ ምክንያቱ ፍቅር ነው፤ ተባባሪው አፍቃሪ ነው፤ ሟቿም ራሷ ፈቅዳ ነው የተኛችው። የሚፋረድ ዳኛ የለም፤ ክስ የሚያቀርብም የለም። ኮሊንስ ክፉ ሰዎች በሕግ ክፍተት ምን እንደሚሠሩ አሳየ። ኒፈኔገር ደግሞ ደግ ሰዎች በፍቅር ስም የሚሠሩትን አሳዩ። ሁለተኛው ለመፍረድ እጅግ ይከብዳል፤ በየቤታችንም የሚገኘው እርሱ ነው።

ታዲያ መጽሐፉ መውጫ መንገድ አያሳይምን? ያሳያል። መንገዱ ያለው ከላይኛው ፎቅ ነው። ማርቲን ተርጓሚ ነው፤ የተማረና ደግ ሰው ነው፤ ግን የማጠብ፣ የመቁጠርና የመደጋገም በሽታ ይዞታል። ከቤቱ መውጣት አይችልም፤ መስኮቶቹን ጋርዶ ይኖራል። ሚስቱ ማሬይከ ለብዙ ዓመታት ችላው ከቆየች በኋላ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ አምስተርዳም ሄደች። መሄዷን በሞት አላስመሰለችም። ስሟን አልለወጠችም። እንደዚህ መኖር እንዳቃታት፣ ቢመጣ ግን እንደምትቀበለው አስታወቀችው። ጁሊያ በበኩሏ ማርቲንን ወዳጅ አድርጋ መድኃኒት ታስጀምረዋለች፤ ቫይታሚን ነው ብላ ነው የምትሰጠው። እዚህም ላይ ያው ልማድ አለ፤ ላንተ የሚሻለውን እኔ አውቃለሁ የሚል ፍቅር። ያም ሆነ ይህ ማርቲን አንድ ቀን ደፉን ተሻግሮ ወጣ፤ መንገዱን ተጉዞ ከሚስቱ ደረሰ። በጠቅላላው መጽሐፍ ውስጥ በእውነት የተለያዩት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ፤ በእውነት የተገናኙትም እነርሱ ናቸው።

ሌሎቹ ግን እንዲህ አልሆነላቸውም። ኤልስፔት በልጇ ሥጋ ከሮበርት ጋር ልትኖር ሄደች፤ ልጅም ወለደች። ሮበርት ግን አብሮት ያለው ማን እንደ ሆነ ሊረሳ አልቻለም፤ የመቃብሩን ታሪክ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ትቷት ወጣ። ፍቅሯን ለማግኘት ብላ ሁሉን የወሰደች ሴት ፍቅሯን አጣች። ቫለንቲናም በመጨረሻ ከቤቱ ወጥታ ወደ መቃብሩ ዛፎች መካከል ነፃ ሆና ሄደች። ያወጣቻት ጁሊያ ናት። በሕይወቷ ሁሉ እኅቷን ይዛ ያልለቀቀች ልጅ፣ አንድ ጊዜ ለቀቀቻት። ግን ዘግይቶ ነበር።

መጽሐፉን ስናመሰግን ጉድለቱን መሸሸግ አይገባንም። የእኅትማማቾቹ የስም ልውውጥ እጅግ የተወሳሰበ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ማን ማን እንደ ሆነች ለመለየት ወደ ኋላ እየገለጠ ይቸገራል። ሮበርት የተማረና አስተዋይ ሰው ሆኖ ሳለ በዚያ ዕቅድ ውስጥ እንዴት እንደ ገባ በበቂ አልተነገረንም፤ ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው ሲያልፍ እሺ ብሎ እናገኘዋለን። መጽሐፉም በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ሄዶ በመጨረሻው ይሮጣል። እነዚህ ነቀፌታዎች እውነት ናቸው። ቢሆንም ዋናውን ነገር አያፈርሱትም። እንዲያውም የሮበርት ነገር ሲታሰብበት፣ ሰው ክፉ ሥራ ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ እንደዚያው መሆኑን እናስተውላለን፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ትንሽ በትንሽ፣ የሚወደውን ሰው «እምቢ» ማለት እያቃተው።

ክቡራን መምህራን፤ ውድ ጓደኞቻችን፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በአማርኛ መንገድ ከሁለት ሲከፈል መንታ መንገድ እንለዋለን። መንታ የሚለው ቃል በቋንቋችን መመሳሰልን ብቻ አይናገርም፤ ከአንድ ሥፍራ ተነሥቶ ወደ ሁለት መሄድንም ይናገራል። መንታ መንገድ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ቢለያዩ የሞተ የለም፤ የተካደም የለም። መለያየት የሚገድለው ሲደበቅ ነው።

እኛ ተማሪዎች ከብዙ ሥፍራ መጥተን በአንድ አዳራሽ እንበላለን፤ በአንድ ክፍል አራትና ስድስት ሆነን እንተኛለን። ወዳጅነታችን ጽኑ ነው፤ በእርሱም እንኮራለን። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ከመካከላችን ጓደኛው ስለ መረጠ ብቻ የትምህርት ክፍሉን የመረጠ የለምን? ቤተ ሰቡ ሐኪም እንዲሆን ስለ ወሰኑለት የራሱን ፍላጎት እንደ ነውር የሸሸገስ? በስብሰባ ላይ እጁን ከብዙኃኑ ጋር አንሥቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ሲመለስ የተጸጸተስ? እነዚህ መንፈስ አላዩም፤ መቃብርም አልገቡም። ቢሆንም ቫለንቲና በምን ዐይነት ጸጥታ እንደ ኖረች ያውቃሉ።

እኛ በማኅበር የተሰበሰብን ነን፤ ስንናገርም «እኛ» እያልን ነው። ይህንም ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ«እኛ» ተናግረነዋል። ቃሉ ታላቅ ነው፤ ያለ እርሱ ማኅበር አይቆምም። ነገር ግን ጁሊያም ስለ ሁለት ሰው ስትወስን የነበረው በዚህ ዐይነት መንፈስ ነው። «እኛ» የሚለው ቃል ትክክለኛ የሚሆነው በውስጡ ያለ እያንዳንዱ ሰው «እኔ በዚህ አልስማማም» ለማለት ሲችል፣ ይህንም ብሎ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ምሳውን ሲበላ ነው። ይህ ከሌለ አንዱ ተናጋሪ ሌላው ጥላ ይሆናል። ጥላ ሆኖ የቆየ ሰው ደግሞ አንድ ቀን መጥፋትን ይመርጣል፤ ትምህርቱን ትቶ ይሄዳል፤ ደብዳቤ አይመልስም፤ በሕይወት ሳለ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ያን ጊዜ «ምን አድርገነው ነው?» ብንል መልስ የሚሰጠን አናገኝም።

ስለዚህ ከዚህ መጽሐፍ የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። የተጫነው ሰው ቃሉን በጊዜው ይናገር፤ «አልፈልግም» ማለት እኅትን መግደል አይደለም። የሚወድም ሰው የሚወደውን ሰው አንዳንድ ጊዜ ይጠይቅ፤ ጠይቆም መልሱን እስኪሰማ ይቆይ። ጁሊያ ይህን በወቅቱ አድርጋው ቢሆን አንድ እኅት በልብስ ንድፍ ትምህርት ቤት፣ ሌላዋም በፈለገችው ሥፍራ በኖሩ፣ በሳምንቱም መጨረሻ ተገናኝተው ሻይ በጠጡ ነበር። ልብ ወለድ አይጻፍበትም፤ ግን መልካም ኑሮ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ የሚውል ከሆነ፣ ከመቃብር በፊት የራስ ሆኖ ሊኖሩበት ይገባል።

መጽሐፉን አንብበው ከእኛ የተለየ አሳብ ያላቸው መምህራንና ተማሪዎች እንዳሉ እናውቃለን። በተለይም ሥጋውን በመውሰድ ረገድ ኤልስፔት አስባበት ነው ወይስ ሌላ ምርጫ አጥታ ነው በሚለው ላይ ብዙ ክርክር ሊነሣ ይችላል። አሁን ተራው የእናንተ ነው።